የማይጠቅም ስለሚባለው ነገር

ሰው አንድን ነገር ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይጠቅማል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ የሚነቀፍ አይደለም። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጫንቃውን ይመረምራል፤ ቤት የሚያሠራ ሰው ወጋግራውንና ማገሩን ይቈጥራል፤ እናትም ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትሰድ ከትምህርቱ የሚገኘውን እንጀራ ታስባለች። ጥቅምን የማይጠይቅ ሰው ገንዘቡንም ዕድሜውንም በከንቱ ሊያባክን ይችላልና ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በስተኋላ ሌላ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም «ጥቅሙ ዛሬ ያልታየውን ነገር ሁሉ የማይጠቅም ብሎ መፍረድ ይገባልን?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ያነሣሣኝም የመጽሐፍ ክርክር ሳይሆን በገዛ ቤተ ሰቤ የደረሰ ነገር ነው።

ታላቅ እኅቴ አንድ ወንድ ልጅ አላት። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት ጠላ እየጠመቀችና እየሸጠች ያሳደገችው እርስዋ ናት። ልጁ በትምህርቱ ብርቱ ሆኖ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ዕድል ባገኘ ጊዜ ለስንቁና ለልብሱ ብላ ያለቻትን አንዲት ላም ሸጠች። ልጁም «ዶክተር ልሆን ነው» ብሎ ጻፈላት፤ እርስዋም ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው ልጁ በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም ሳይሆን እርሾ የሚመረምር ተማሪ መሆኑን አጫወታት። በማግሥቱ እኔ ዘንድ መጣች።

«እርሾማ በጋኔ ሞልቶ የለም እንዴ? ስለ እርሾ ለመማር ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ? አንተ የተማርህ ነህ፤ መጻፍም ሥራህ ነው። ይህን ትቶ የሚጠቅም ነገር እንዲማር ምከርልኝ» አለችኝ።

«እሺ እትዬ፣ እጽፍለታለሁ» አልኋት። በዚያው ማታም ረቂቁን ጀመርሁ። ነገር ግን «የማይጠቅም ትምህርት» የሚለውን ቃል ስጽፍ ብዕሬ ቆመ። የእኔ ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ስለ እርሾም የማውቀው እኅቴ ከምታውቀው ያነሰ ነው። የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤት ነውር ስለ ሆነ፣ ምክሩን ለሌላ ቀን አቈይቼ የሚያጠናውን ነገር እንዲገልጽልኝ ጠየቅሁት። እርሱም በረጅም ደብዳቤ መለሰልኝ፤ እኔ የተረዳሁትን ያህል እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

የሕያው ፍጥረት ሁሉ አካል ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። የእርሾም ሆነ የሰው ሕዋስ በውስጡ አስኳል አለው፤ በአስኳሉም ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባለው ረጅም ክር ተጠቅልሎ ይኖራል። በዚህ ክር ላይ ሕዋሱ ፕሮቲኖቹን የሚሠራበት መመሪያ በአራት ፊደላት ብቻ ተጽፏል። ነገር ግን ዋናው መዝገብ ከአስኳሉ አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ ነው። ግልባጩም መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል።

ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ እኔ የምሠራውም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለምና። ዋናው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል የሚላከው ግልባጩ ነው። ግልባጩም እንዲሁ አይላክም፤ ይታረማል፣ ቍጥርና ቀን ይጻፍበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። በሕዋስም ዘንድ ግልባጩ ገና መጻፍ ሲጀምር በራሱ ላይ እንደ ቆብ ያለ ምልክት ይደረግለታል፤ በመጨረሻውም አንድ ፊደል ብቻ እየተደጋገመ እንደ ጅራት ይቀጠልለታል። ጅራቱ በእርሾ 70 ያህል፣ በሰው 200 ያህል ፊደል ይደርሳል። ቆብና ጅራት የሌለው መልእክት ቶሎ ይበላሻል፤ በደረሰበትም ስፍራ በሚገባ አይነበብም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቈረጣው ነው። በግልባጩ መካከል ስለ ፕሮቲኑ አሠራር ምንም የማይናገሩ ክፍሎች ተሰንቅረው ይገኛሉ፤ እነዚህም ኢንትሮን ይባላሉ። ሕዋሱ እነርሱን ቈርጦ ያወጣና የቀረውን ይገጣጥማል። መልእክቱ የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተያዘ ስለ ሆነ፣ ቈረጣው በአንድ ፊደል እንኳ ቢሳሳት ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። ይህ የቈረጣ ነገር የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ የተባሉት ሊቃውንት ከየባልደረቦቻቸው ጋር ጉንፋን መሰል ሕመም በሚያመጣ ቫይረስ ላይ ሲመራመሩ አገኙት፤ በ1993ም ስለዚሁ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

«እንግዲያስ ስለ ምን በእርሾ ላይ ትደክማላችሁ?» ላልሁት የመለሰልኝ እንዲህ የሚል ነው። እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው፤ ምግብ ካገኘ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ አንዱ ሁለት ይሆናል። መመሪያው በሙሉ በ1996 ተነብቦ ተፈጽሟል፤ ጂኖቹ 6000 ያህል ሲሆኑ ኢንትሮን ያለባቸው ወደ 300 የሚጠጉ ብቻ ናቸው። በሰው ግን አብዛኞቹ ጂኖች ኢንትሮን አለባቸው፤ በአንዱ ጂን ውስጥም ብዙ ኢንትሮን ይገኛል። ስለዚህ በሰው ላይ እንደ ጫካ የሆነው ነገር በእርሾ ላይ እንደ ጓሮ ተክል ተለይቶ ሊታይ ይችላል።

ቀጥሎም አንድ ታሪክ ጻፈልኝ። ሊላንድ ሃርትዌል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በለዘብተኛ ሙቀት የሚያድጉ፣ ሙቀቱ ወደ 36 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ሥራቸውን የሚያቆሙ ጉድለት ያለባቸው እርሾዎችን ሰበሰበ። በ1970 እርሱና ባልደረቦቹ ከነዚህ መካከል አሥር ጂኖችን ለይተው፣ ራይቦሶም የሚባለውን የፕሮቲን መሥሪያ ለማዘጋጀት የሚያስፈልጉ ናቸው ብለው ጻፉ። ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ትርጓሜው ግን ሙሉ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ቈረጣ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው በዓለም አልነበረምና። በ1981 ማይክል ሮስባሽና ባልደረቦቹ ከነዚያ ጂኖች አንዱ ሲጐድል ያልተቈረጠ መልእክት በሕዋሱ ውስጥ እንደሚከማች አሳዩ። ከራይቦሶሙ ጂኖች ብዙዎቹ ኢንትሮን ስላለባቸው ቈረጣው ሲቋረጥ የራይቦሶሙም ሥራ ይቋረጣል። እንግዲህ ከአሥሩ አብዛኞቹ የመልእክት ቈራጮች ነበሩ ማለት ነው።

ከነዚህ አንዱ፣ ስምንት የሚል ቍጥር የተሰጠው፣ ዛሬ ፒ አር ፒ 8 ይባላል። ወንድሙ በሰው ሕዋስ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች ሲነጻጸሩ ከመቶው 60 ያህሉ አንድ ዐይነት ነው። በ2001 በዚህ የሰው ጂን ላይ የሚደርስ ስሕተት ሬቲኒቲስ ፒግሜንቶሳ የተባለውን፣ በዘር የሚተላለፈውንና የዓይንን ብርሃን ቀስ በቀስ የሚያጠፋውን በሽታ ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ተገለጠ። ምክንያትን ማወቅ መፈወስ አይደለም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ፈውስን መፈለግ በጨለማ መዳበስ ነው። በ1970 «ይህ እርሾ ለዕውር ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ መልስ የሚሰጠው ባልተገኘም ነበር። እንዲሁም በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት የሕፃናትን ጡንቻ የሚያልለውን አንድ ክፉ በሽታ የሚቋቋመው ይህንኑ ቈረጣ በማስተካከል ነው።

እስከዚህ ድረስ ካነበብሁ በኋላ ለእኅቴ የምሰጠውን መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳወጣና ሳወርድ ይህ ማስረጃ ደካማ መሆኑ ታየኝ። ከዘራው ሁሉ መካከል የበቀለውን ብቻ እየነቀሰ የሚያሳይ ገበሬ ስለ እርሻው እውነቱን ተናግሯል አይባልም። ከአንድ ፒ አር ፒ 8 ጀርባ ፍሬ ያላፈሩ ስንት ድካሞች አሉ? የማይጠቅም የሚመስለውን ነገር የምናከብረው ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል በማለት ብቻ ከሆነ ነገሩ ሎተሪ ነው። እኅቴም «ላሜን የሸጥሁት ሎተሪ ልቈርጥ አይደለም» ብትለኝ የምመልስላት የለኝም።

ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁለትና «የአንተስ ሥራ ምን አፈራ?» ብዬ በግልጥ ጠየቅሁት። መልሱ አጭር ነበር።

«ጋሼ፣ በ2019 አንዱ ወገን በካናዳ፣ ሌላው ወገን በአሜሪካ ሆነው አንድ አስደናቂ ነገር ገለጡ። በጥጋብ ጊዜ ተቈርጦ የሚጣለው ኢንትሮን በረሃብ ጊዜ ለእርሾው ይረዳዋል፤ ሥራውን ቀንሶ ክፉውን ቀን እንዲያልፍ ያደርገዋል። እኔም ከዚያ ተነሥቼ አንድ ኢንትሮን መርጬ ከጂኑ አወጣሁና ሁለት ዓመት ሙሉ በጥጋብም በረሃብም ፈተንሁት። ምንም ልዩነት አላየሁም። ከሙከራዎቹ ጥቂቶቹ ልዩነት ያለ አስመስለው ነበር፤ እነርሱን ብቻ ወስጄ የቀሩትን ብተዋቸው ኖሮ የሚያምር ጽሑፍ ይወጣኝ ነበር። አላደረግሁትም። ሆኖም ‹ይህ ኢንትሮን አይጠቅምም› ብዬ አልጻፍሁም፤ ‹በእነዚህ ሁኔታዎች ጥቅሙ አልታየም› ብዬ ጻፍሁ እንጂ። ይህን ያህል ነው ያፈራሁት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሳነብ ከዚህ ቀደም ለማንም ያልነገርሁት ነገር ትዝ አለኝ። ከዐሥር ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ገና ጀማሪ ጸሐፊ ሳለሁ አሮጌ መዛግብትን እንድለይ ታዝዤ ነበር። የሚጠቅመው እንዲቀመጥ፣ የማይጠቅመው እንዲቃጠል ነበር ትእዛዙ። ከጥቅሎቹ አንዱ አይጥ የቀመሰው፣ የቀለሙ ጽሕፈት የደበዘዘ የቀን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ነበር። ገለጥ አድርጌ አየሁትና በላዩ «አይጠቅምም» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሌሎቹም ጋር ተቃጠለ። በዓመቱ አንዲት ባልቴት ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሟቹ ባለቤታቸው በቀን ሠራተኛነት ያገለገሉበት ዘመን ስላልተቈጠረላቸው ለጡረታው ጥቂት ዓመት ጐድሎ ነበር። ያን ዘመን የሚመሰክረው ያ ዝርዝር ብቻ ነበር። «ልጄ፣ እባክህ ደኅና አድርገህ ፈልግልኝ» አሉኝ። የሌለ መሆኑን እያወቅሁ ተነሥቼ በመደርደሪያዎቹ መካከል ለመፈለግ ገባሁ፤ ወጥቼ እውነቱን የምነግርበት ድፍረት አጥቼ ነበርና። ከዚያም «የለም» ብቻ አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ያን ቀን በጥቅሉ ላይ የጻፍሁት ቃል ሐሰት እንደ ነበር ያስተዋልሁት አሁን ነው። እኔ የማውቀው ጥቅሙ ያልታየኝ መሆኑን ብቻ ነበር፤ የጻፍሁት ግን ነገሩ ጥቅም የሌለው መሆኑን ነው። የፊተኛው ስለ ራሴ ዕውቀት የምሰጠው ምስክርነት ነው፤ የኋለኛው ግን ስለ ዓለም የሰጠሁት ፍርድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ይመስላል፤ የባልቴቲቱ እንጀራ የጠፋው ግን በዚያ ርቀት ውስጥ ነው። የእኅቴ ልጅ ሁለት ዓመት ደክሞ ያገኘው «ምንም» ቢሆን፣ ይህን ርቀት ግን ጠብቋል።

ይህን ስል ምንም ነገር አይጣል ማለቴ አይደለም። ሁሉን እናስቀምጥ ብንል ሰነድ ሠራተኛውን ከቢሮው ያስወጣዋል። ሕዋስም ቢሆን ኢንትሮኑን ቈርጦ ካላወጣ መልእክቱ አይነበብም። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የተባለውን ሁሉ እንዳለ ቢጽፍ የሚያነበው አይገኝም። እንዲሁም ከእርሾ የሥነ ምግባር ሕግ ልናወጣ አይገባንም፤ እርሾ አያስብም፣ አይዋሽም፣ አይጸጸትም። ሕግ የሚያስፈልገው ለእኛ፣ እያወቅን ለምንቈርጠው ነው። እኔም ከዚህ ሁሉ የደረስሁበት ሦስት ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ ፈራጅ ከሚያውቀው አልፎ አይፍረድ፤ «አላየሁም» ማለት ሲገባው «የለም» አይበል። ሁለተኛ፣ ሊመለስ የሚችለውንና የማይመለሰውን ይለይ፤ ከመደርደሪያ ወደ ግምጃ ቤት የተዛወረ ወረቀት ነገ ሊፈለግ ይችላል፣ የተቃጠለ ግን አይገኝም። ሦስተኛ፣ ዕውቀትን የሚፈልግ ሰው ለሚደክሙለት ሰዎች ባለ ዕዳ ነው። ዕዳውም ጥቅምን ቃል መግባት አይደለም፤ ይህን ማንም ሊፈጽመው አይችልምና። ዕዳው እውነትን መንገር ነው፤ ያገኘውን ያህል፣ ያጣውንም ያህል። የተራበ ሕፃን ባለበት ቤት ከሕፃኑ አፍ ነጥቆ ለዕውቀት የሚያውል ሰው ቢኖር አልደግፈውም። ነገር ግን እንጀራው ከተበላ በኋላ የቀረውን ጊዜና ብርታት ባልታወቀ ነገር ላይ ማዋል የስንፍና ሥራ አይደለም፤ ለማይታወቅ ሰው የሚተርፍ ሥራ እንጂ።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። ልጁ ለሊቃውንቱ ያጣውን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ለእናቱ ግን «ዶክተር ልሆን ነው» ብሎ ተወው። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ያ ማዕረግ ለሐኪምም ለሌላ ሊቅም ይሰጣልና። ነገር ግን እናቱ በምን ዐይነት እንደምትተረጕመው ያውቅ ነበር፤ እያወቀም የቀረውን ቈርጦ ያማረውን ብቻ ላከላት። ትርጕሙን የሚጠብቅ ቈረጣ አለ፤ ትርጕሙን የሚገለብጥ ቈረጣም አለ። ይህ ከኋለኛው ወገን ነበር።

ስለዚህ እኅቴ ያዘዘችኝን ደብዳቤ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ በምትኩ ሌላ ጻፍሁ። «ልጄ፣ እርሾህን አትተው። ነገር ግን ለእርሾ ያልነፈግኸውን እውነት ለእናትህ ስለ ምን ነፈግሃት? ላሟን የሸጠች እርስዋ ናት። የምታጠናውን፣ ያጣኸውንም ጭምር በገዛ አፍህ ንገራት» አልሁት። ለእርሱ እንዲህ የምል እኔ ማን ነኝ ብዬም አሰብሁ። እኔም ለአንዲት ባልቴት «የለም» ብቻ ብዬ የቀረውን ቈርጬ ነበርና። የባልቴቲቱን ቤት አላውቀውም፤ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም። ይህን በዚህ መጽሔት ላይ መጻፌ ለእርሳቸው እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ሆኖም መዝገብ ላይ ይኑር።

ልጁ በሳምንቱ ለእናቱ ስልክ ደወለ፤ ብዙም ተነጋገሩ። እኅቴ ከዚያ በኋላ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ፊቷ እንደ ፈራሁት አልነበረም። ጥቂት ዝም ብላ ከቈየች በኋላ እንዲህ አለችኝ።

«ኢንትሮን ነው ምን የሚሉትን ነገር ነገረኝ፤ ተቈርጦ ይጣላል አለ። እኔም ጠላ ስጠምቅ ጌሾውን አጥልዬ አወጣለሁ፤ ጌሾ አይጠጣም። አተላውንም ያችው ላሜ ትጠጣው ነበር። ነገር ግን ጌሾ ሳልጨምር ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ይህን እኔ የማላውቀው መስሎት ነው የደበቀኝ?»

የምመልስላት ቃል አጣሁ። ልጁ ሐኪም ባለመሆኑ አሁንም ቅር እንደሚላት አውቃለሁ፤ ለጎረቤት የምትነግረውም ነገር ገና አልተገኘላትም። ነገር ግን «የማይጠቅም ትምህርት» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፍዋ አልሰማሁም፤ እኔም በማናቸውም ወረቀት ላይ «አይጠቅምም» ብዬ ከመጻፌ በፊት ብዕሬን አቈያለሁ።